የሁለት ጎረቤቶች ጠብና እርቅ፦ ከሳዑዲ ዐረቢያና ከኢራን ታሪክ ምን እንማራለን?

(በሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በዛሬው ንግግራችን የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችን በዜና የምንሰማው፣ በቡናው ዙሪያ የምንጫወተው፣ አንዳንዴም ከመስጊድ ስንወጣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን የምንከራከርበት ነው። ሳዑዲ ዐረቢያና ኢራን ለምን ይጣላሉ? ከተጣሉስ በኋላ ለምን ይታረቃሉ? ብዙ ሰው መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፤ «አንዱ ሱኒ ነው፣ አንዱ ሺዓ ነው፣ አለቀ» ይላል። ነገር ግን አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና፣ እስቲ እኛም ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ከሂጅራው በስተቀር በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳውቃለን።

«ይህ የመንግሥታት ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አድማጭ ቢኖር፣ ያገባናል እንላለን። አንደኛ፣ ቂብላችን ያለው ከሁለቱ በአንዱ አገር ነው፤ ጠባቸው በተባባሰ ቁጥር የሐጅን በር ሲነካ አይተናል። ሁለተኛ፣ የብዙ ቤተሰቦቻችን እህቶችና ወንድሞች እንጀራ ፍለጋ በዚያው አካባቢ ተበትነዋል። ሦስተኛ፣ የሩቁ ጠብ በወሬ ተጭኖ ወደ መንደራችን ይመጣና ጎረቤትን ከጎረቤት ያቃቅራል።

ጠቡ መቼ ተጀመረ?

የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት በጠብ አልተጀመረም። በ1929 የወዳጅነት ውል ተፈራርመው ነበር። የመጀመሪያው ከባድ መቃቃር የመጣው በ1943 የሐጅ ወቅት ነው። አንድ ኢራናዊ ሐጃጅ የተቀደሰውን መስጊድ አርክሷል ተብሎ ተከሰሰና መካ ውስጥ በሞት ተቀጣ። ኢራን ሐጃጁ ታሞ ነው እንጂ ሆን ብሎ ያደረገው አይደለም ብላ ተቆጣች፤ በ1944ም ግንኙነቱ ተቋረጠ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1946 ታረቁ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን ልብ እንበል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሁለቱም ዘውዳዊ መንግሥታት ነበሩ። በ1968 በባሕረ ሰላጤው ውስጥ የሚገኙ ሁለት ትናንሽ ደሴቶችን ያለ ጦርነት ተካፈሉ፤ ፋርሲ የተባለችው ለኢራን፣ ዐረቢ የተባለችው ለሳዑዲ ሆነች፤ የባሕሩንም ወሰን በውል አሰመሩ። በነሐሴ 1969 የአል-አቅሳ መስጊድ በእሳት ሲጋይ፣ በመስከረም ራባት ላይ በተጠራውና የእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት በተመሠረተበት ስብሰባ ንጉሥ ፈይሰልም የኢራኑ ሻህም ተገኝተዋል። እንግሊዝ በ1971 ከባሕረ ሰላጤው ስትወጣ አሜሪካ የአካባቢውን ጸጥታ በእነዚሁ በሁለቱ ላይ አሳርፋ፣ ሁለቱን እንደ ሁለት ምሰሶ ታያቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ያኔስ ሳዑዲዎች ሱኒ፣ ኢራኖችስ ሺዓ አልነበሩምን? ነበሩ። የተለወጠው መዝሀባቸው አልነበረም። የተለወጠው በ1979 የኢራን መንግሥት ነው። አብዮቱ ንጉሡን ጥሎ፣ አዲሶቹ መሪዎች የነገሥታት አገዛዝ ከእስልምና ጋር አይሄድም እያሉ ለጎረቤቶቻቸው ሕዝብ መናገር ጀመሩ። በሪያድ ያለው ንጉሣዊ ቤትም ይህን የሰማው በዙፋኑ ላይ እንደተቃጣ ዛቻ ነው። በመስከረም 1980 ኢራቅ ኢራንን ስትወር ሳዑዲ ለኢራቅ በገንዘብ አገዘች። በግንቦት 1981 ስድስት የዐረብ አገሮች የባሕረ ሰላጤውን የትብብር ምክር ቤት መሠረቱ። ጦርነቱ ስምንት ዓመት ፈጀ፤ ከሁለቱም ወገን የአያሌ ሙስሊሞች ደም ፈሰሰ።

ሐጅ በጠቡ መካከል

የዚህ ጠብ መራራ ፍሬ በሐጅ ላይ የታየው ሐምሌ 31 ቀን 1987 ነው። ኢራናውያን ሐጃጆች መካ ውስጥ የፖለቲካ ሰልፍ ወጡ፤ ከሳዑዲ ጸጥታ ኃይሎች ጋር ተጋጩ። በሳዑዲ መንግሥት ቁጥር መሠረት 402 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ ውስጥ 275ቱ ኢራናውያን፣ 85ቱ ሳዑዲዎች፣ 42ቱ የሌሎች አገሮች ሰዎች ነበሩ። ማን ጀመረው በሚለው ላይ ሁለቱ መንግሥታት እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። እኛን የሚያሳዝነን ግን እነዚያ 42ቱ ናቸው። ከሁለቱም ወገን አልነበሩም፤ ቤተሰቦቻቸውን ተሰናብተው፣ ዕዳቸውን ከፍለው፣ ላባቸውን አጠራቅመው የአላህን ቤት ሊዘይሩ የመጡ ነበሩ።

በመጋቢት 1988 የእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በዐማን ተሰብስበው ከየአገሩ የሚመጣው ሐጃጅ ከ1,000 ሙስሊም አንድ እንዲሆን ወሰኑ። ዛሬ «የሐጅ ኮታ» ስንል የምንሰማው ነገር መሠረቱ ይህ ነው። ስለዚህ ከእኛም አገር ለሐጅ ተመዝግቦ ተራ የጠበቀ ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው የዚያን ዘመን ጠብ ውጤት ቀምሷል ማለት ነው። እርግጥ ቦታው ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነውና ገደብ ማበጀቱ አይቀርም ነበር፤ ግን ሥርዓቱ የተወለደው በዚያ ደም ማግስት ነው። በሚያዝያ 1988 ሳዑዲ ግንኙነቷን አቋረጠች። ከ1988 እስከ 1990 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ኢራን ሐጃጆቿን አላከችም።

በነሐሴ 1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሳዑዲ ትናንት የረዳችው ጦር ደጃፏ ላይ ቆመ። ኢራንም ወረራውን አወገዘች። በመጋቢት 1991 ሁለቱ ታረቁ፤ በዚያው ዓመት ከ100,000 በላይ ኢራናውያን ወደ ሐጅ ተመለሱ።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት የመቀራረብ ዓመታት ነበሩ። በታኅሣሥ 1997 የያኔው አልጋ ወራሽ ዐብደላህ ለእስላማዊው ጉባኤ ቴህራን ሄዱ። በ1998 የነዳጅ ዋጋ ወርዶ በርሜሉ 10 ዶላር አካባቢ ሲደርስ የሁለቱም ኪስ ተራቆተ፤ በመጋቢት 1999 በኦፔክ ውስጥ ተስማምተው ምርት ቀነሱ። በግንቦት 1999 ፕሬዚዳንት ኻታሚ ሳዑዲን ጎበኙ። በ1998 የትብብር፣ በ2001 ደግሞ የጸጥታ ስምምነት ተፈረመ።

ከ2003ቱ የኢራቅ ወረራ በኋላ እንደገና ተራራቁ። ሰዳም ሲወድቅ ባግዳድ ውስጥ ለኢራን የቀረቡ ወገኖች ሥልጣን ያዙና ሳዑዲ ተከበብሁ አለች። ከ2011 ጀምሮ በባሕሬንና በሶሪያ፣ ከ2015 ጀምሮ በየመን በተቃራኒ ጎራ ቆሙ። በመስከረም 24 ቀን 2015 በሚና መገፋፋት ከሞቱት ሐጃጆች መካከል 464ቱ ኢራናውያን ነበሩ፤ የእኛም አገር ሰዎች በዚያው ሞተዋል፤ አላህ ይማራቸው። በጥር 2 ቀን 2016 ሳዑዲ የሺዓውን ዓሊም ሸይኽ ኒምር አን-ኒምርን ጨምሮ 47 ሰዎችን በሞት ቀጣች። ቴህራን ውስጥ ቁጡ ሕዝብ የሳዑዲን ኤምባሲ አቃጠለ። በማግስቱ ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ በዚያ ዓመትም ከኢራን ሐጃጅ አልመጣም።

ታዲያ የመዝሀብ ጠብ ነውን?

በሱኒና በሺዓ መካከል ያለው የእምነት ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ትንሽ ነው አንልም፤ ዑለማዎቻችን በዝርዝር ተናግረውበታል። ይሁንና ልዩነት መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ የጦርነቱ ምክንያት እሱ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው።

ይህን ለማጣራት ሁለት ምሳሌ እንይ። በሰኔ 2017 ሳዑዲ፣ ኤምሬቶች፣ ባሕሬንና ግብፅ በቀጠር ላይ የየብሱን፣ የባሕሩንና የአየሩን መንገድ ዘጉ። ቀጠር የሱኒ አገር ናት፤ የቀጠርና የሳዑዲ ሰዎች በመዝሀብም በዘርም ዘመዳሞች ናቸው። ሆኖም መዘጋቱ እስከ ጥር 2021 ድረስ ሦስት ዓመት ተኩል ቆየ። በዚያን ጊዜ ሰማዩን የከፈተችላትና ምግብ በአውሮፕላን የላከችላት የሺዓዋ ኢራን ነበረች። ሁለተኛ፣ የኢራን ሰሜናዊ ጎረቤት አዘርባጃን አብዛኛው ሕዝቧ ሺዓ ነው፤ ኢራን ግን ለረጅም ዓመታት የተቀራረበችው ከክርስቲያኗ አርመን ጋር ነው። መንግሥታት ወዳጅና ጠላት የሚመርጡት በዙፋናቸው፣ በድንበራቸውና በገበያቸው ስሌት ነው። መዝሀቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለጠቡ ሰው መሰብሰብ ሲያስፈልግ ነው። አንድ ወጣት ለነዳጅ ዋጋ ወይም ለወደብ ሲባል ሙት ቢሉት እምቢ ይላል፤ ለሃይማኖትህ ሙት ቢሉት ግን ይነሳል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?

«ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ይባላል። የመንን እንመልከት። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ባወጣው ግምት እስከ 2021 መጨረሻ በየመን ጦርነት ምክንያት 377,000 ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 60 ከመቶ የሚሆኑት በጥይት አይደለም የሞቱት፤ በረሃብ፣ በንጹሕ ውሃ እጦትና ሕክምና በማጣት ነው። ከሟቾቹም አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ።

ይህ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የእኛ ልጆች ባሕሩን ተሻግረው ወደ ሳዑዲ የሚያልፉት በዚያው በሚነደው እሳት መካከል ነው። በመጋቢት 2021 ሰንዓ ውስጥ በሑሢዎች እጅ የነበረ የስደተኞች ማቆያ ተቃጥሎ በአሥሮች የሚቆጠሩ ስደተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በሚያዝያ 2025 ደግሞ አሜሪካ በሑሢዎች ላይ በምታካሂደው ድብደባ ሰዕዳ ውስጥ ያለ ማቆያ ተመትቶ ከ60 በላይ አፍሪካውያን ስደተኞች መሞታቸው ተነገረ፤ ኢትዮጵያውያን በዚያም ነበሩ። እነዚህ ልጆች የሪያድንም የቴህራንንም የዋሽንግተንንም ጠብ አያውቁትም። እናቶቻቸው ደግሞ ሬሳቸውን እንኳ አላገኙም።

የኑሮውም ነገር አለ። በሁለቱ አገሮች መካከል ባለው ባሕረ ሰላጤ መውጫ፣ በሆርሙዝ ወሽመጥ፣ በ2024 በየቀኑ 20 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ነዳጅ ያልፍ ነበር፤ ይህም ዓለም ከሚጠቀምበት ነዳጅ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ያ ጠባብ መንገድ ሲታወክ ነዳጅ ከባሕረ ሰላጤው በምታስገባው አገራችን የታክሲው፣ የጭነቱ፣ ቀጥሎም የጤፉና የዘይቱ ዋጋ ይነካል።

እርቁ እንዴት መጣ?

መስከረም 14 ቀን 2019 ዐብቀይቅና ኹረይስ በተባሉ ቦታዎች የሳዑዲ የነዳጅ ተቋማት ተመቱ። የአገሪቱ የቀን ምርት ግማሽ ያህሉ ለጊዜው ቆመ። ሑሢዎች እኛ ነን አሉ፤ ሳዑዲና አሜሪካ ኢራን ናት አሉ፤ ኢራን ካደች። ሳዑዲዎች ግን ሁለት ነገር ተገነዘቡ። በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ ርካሹን ድሮን አላቆመም። የሩቁ ወዳጅም ወዲያው ተነስቶ አልተዋጋላቸውም። ከነዳጅ ውጭ የሚያኖር ኢኮኖሚ እንገነባለን ብለው በ2016 ያወጡት ዕቅድም ሚሳይል በሚወርድበት አገር እንደማይሳካ አዩ። ኢራንም በበኩሏ በማዕቀብ ተጎሳቁላ፣ ገንዘቧ ረክሶ፣ በ2022 በአገር ውስጥ ተቃውሞ ተናውጣ መተንፈሻ ትፈልግ ነበር።

ሽምግልናው የተጀመረው በሚያዝያ 2021 ባግዳድ ነው። ኢራቅ አስቀመጠቻቸው፤ ዖማንም አገዘች። በይፋ ሳይናገሩ ደጋግመው ተገናኙ። መጨረሻ ላይ መጋቢት 10 ቀን 2023 ቤጂንግ ውስጥ የሳዑዲው ሙሳዒድ አል-ዐይባንና የኢራኑ ዐሊ ሻምኻኒ በቻይናው ዋንግ ዪ ፊት ተፈራረሙ። በሁለት ወር ውስጥ ኤምባሲዎችን ለመክፈት፣ አንዱ በሌላው የውስጥ ጉዳይ ላለመግባት፣ የ1998ቱንና የ2001ዱን ስምምነቶች ወደ ሥራ ለመመለስ ቃል ገቡ። ቻይና ለምን ደከመች ቢባል፣ ከሁለቱም ነዳጅ ትገዛለችና ለራሷም ብላ ነው።

ፍሬውን በሐጃጆች ላይ አየን። በሚያዝያ 2024 ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ዑምራ የተቋረጠባቸው ኢራናውያን ወደ ሐረም ተመለሱ። በሚያዝያ 2025 የሳዑዲ የመከላከያ ሚኒስትር ኻሊድ ቢን ሰልማን ቴህራን ሄደው የኢራንን የበላይ መሪ አነጋገሩ። በሰኔ 13 ቀን 2025 እስራኤል ኢራንን ስትደበድብ ሳዑዲ ድርጊቱን አወገዘች። ሐጁ ገና ማለቁ ነበርና የአየሩ መንገድ ተዘግቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢራናውያን ሐጃጆች እዚያው ቀሩ። ንጉሥ ሰልማን እስኪመለሱ ድረስ የሚያስፈልጋቸው ሁሉ እንዲሟላላቸው አዘዙ። በ1987ና በ2025 መካከል ያለውን ልዩነት እናስተውል። ከተማው ያው መካ ነው፤ ሐጃጆቹም ያው ኢራናውያን ናቸው። የተለየው የመንግሥታቱ አያያዝ ነው።

እንዲህ ያለው እርቅ ዘላለማዊ ነው አንልም። በ1946፣ በ1991ና በ2023 ታርቀዋል፤ በ1944፣ በ1988ና በ2016 ተቆራርጠዋል። የጥቅም እርቅ ጥቅሙ ሲለወጥ ሊናጋ ይችላል። ቢሆንም ግንኙነቱ ክፍት በነበረበት ዓመት ሁሉ አንድ ሽማግሌ ሐጁን አድርጓል፤ አንድ ልጅም ሳይሞት አድሯል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሑደይቢያ ትምህርት

ጠብ የአላህን ቤት መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚደረግ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በተግባር አሳይተውናል። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ከ1,400 ያህል ባልደረቦቻቸው ጋር ለዑምራ ወጥተው ሑደይቢያ ላይ ተከለከሉ። ቁረይሾች ብዙዎቹን ሶሓቦች ያስቆጣ ውል አቀረቡ፤ በዚያ ዓመት ሳይገቡ እንዲመለሱ፣ በሚቀጥለው ዓመት መጥተው ሦስት ቀን ብቻ እንዲቆዩ፣ ለአሥር ዓመትም ጦርነት እንዲቆም። በውሉ ላይ «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው ቃል እንኳ እንዲፋቅ ተጠየቀ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተቀበሉ። ሶሓቦቹ በኀዘን ተውጠው ከቦታቸው ባልተነሱ ጊዜ መላውን የዘየዱት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ነበሩ፤ እርስዎ ወጥተው መሥዋዕትዎን ይረዱ፣ ራስዎንም ይላጩ፣ ይከተሉዎታል አሉ፤ እንዳሉትም ሆነ። ያን ውል ሱረቱል ፈትሕ ግልጽ ድል ብሎ ጠራው። ለሰላም ሲሉ ክብርን ለጊዜው ዝቅ ማድረግ ሽንፈት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻንም።

ለየቤታችን

ውድ አድማጮቻችን፣ የመንግሥታትን ፖሊሲ መለወጥ በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለውን ግን እናድርግ።

አንደኛ፣ የዚህን አካባቢ ዜና ስንሰማ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ማን ይጠቀማል? ማን ይከፍላል? የሚነግረንስ ማን ነው? የሁለቱም ወገን ቴሌቪዥን የራሱን ሙታን ይቆጥራል፤ የሌላውን ይዘላል። በልጆቻችን ፊት «ይበላቸው» ከማለት እንቆጠብ፤ ልጅ የሰማውን ይይዛል።

ሁለተኛ፣ የእምነትን ጥያቄ ለዑለማ፣ የመንግሥትን ጠብ ለመንግሥት እንተው። ሁለቱን ካምታታን የማናውቀውን ሰው ደም ሐላል ወደማድረግ እንደርሳለን፤ አላህ ይጠብቀን።

ሦስተኛ፣ ሐጅ የተወፈቀ ሰው በዚያ ምድር ክርክር የተከለከለ መሆኑን ያስታውስ። አጠገቡ ጠዋፍ የሚያደርገው ሰው የመንግሥቱ መልእክተኛ አይደለም፤ እንደሱው ምሕረት ፈላጊ ነው።

አራተኛ፣ በየመን በኩል ለመሻገር የሚያስብ ልጅ በቤታችን ካለ አስቀምጠን እንንገረው። ደላላው የማይነግረውን እኛ እንንገረው። የሚያስሰድደውንም ችግር በተቻለን አብረን እንሸከምለት።

በምእመናን መካከል ማስታረቅ ግዴታችን መሆኑ በሱረቱል ሑጁራት ተነግሮናል። ከሪያድና ከቴህራን በፊት ይህን ግዴታ የምንወጣው ከተኳረፍነው ወንድማችን ጋር፣ ከማንገናኘው ጎረቤታችን ጋር ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የሙስሊሞችን ልብ ያስተሳስር፤ በየመን፣ በፍልስጤም፣ በሱዳንና በያለበት የሚፈሰውን ደም ያቁም፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን፤ በባሕርና በበረሃ ላይ ያሉትን ልጆቻችንን በደኅና ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።